ጫካው ተራበ

ጋሽ ታረቀኝ በወጣትነታቸው «ጫካው ተራበ» የሚል አስፈሪ ፊልም ሠርተው ነበር። ያኔ ሲኒማ ቤት የገባው ሁሉ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ወጣ። ሰው የሚበላው ጭራቅ ጆንያ የለበሰ የአክስታቸው ልጅ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቅ ነበር።

አሁን አገሩ ላይ አንድ የቆመ ዛፍ ስለሌለ፣ የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ክቱን ለብሶ ፊልሙን ሊያይ እሳቸው ሳሎን ይሰበሰባል።

«ጋሽ ታረቀኝ፣ ይሄን ጭራቅ ገለል ማድረግ አይቻልም? ቅጠሉን ጋረደን እኮ!» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ውድነሽ።

«ትወናውስ እንዴት ነው?»

«ዝም ይበሉ እስቲ፣ ነፋሱን እንስማበት!»

ጋሽ ታረቀኝ የፊልሙን መጨረሻ «ተበላሽቷል» እያሉ አሳይተው አያውቁም። ዛሬ ግን ፊልማቸው ለቅጠሉ ብቻ መታየቱ መረራቸው። «ይሄ እኮ አስፈሪ ፊልም ነው!» ብለው መጨረሻውን ለቀቁት።

የፊልሙ ጀግና መጥረቢያውን አነሳ። በፊልሙ ታሪክ ጫካውን ያሳበደው ትልቁ ዋርካ ተንገዳገደ፣ ከዚያም ተገነደሰ። ሳሎኑ በጩኸት ተናጋ። እትዬ ውድነሽ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ጋሽ ታረቀኝ በፊልማቸው ሰው ሲደነግጥ ሲያዩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ለአፍታ ደስ አላቸው።

«የውሸት ነው አይደል?» አሉ እትዬ ውድነሽ እያለቀሱ። «እንደ ጭራቁ በጆንያ የሠሩት ነው፣ አይደል?»

«አዎ፣ ጆንያ ነው» አሉ ጋሽ ታረቀኝ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ዋርካ ተቆርጦ ሲወድቅ የካሜራውን ክዳን ማንሳት ረስተው እንደነበር፣ ስለዚህም ይሄኛው የቆረጡት ሁለተኛው መሆኑን አልተናገሩም።