የእማሆይ ቦታ

የኔአለም የልጇን ሱሪ አልጋው ላይ ዘርግታ በስንዝሯ ትለካዋለች። አጥሯል። በኅዳር ለመሸሻ ባዘጋጁት ቦርሳ ውስጥ ስትከተው ቁርጭምጭሚት ይደርስ ነበር፤ አሁን ሶልያና ብትለብሰው ከባቷ አያልፍም። ወደ ጎን ትተወውና በምትኩ ሌላ ታጥፋለች። ክረምቱ እየገባ ነው። ስሱ ሹራብ ይወጣል፣ ወፍራሙ ይገባል።

ልጅቱ ትምህርት ቤት ናት። ባሏ መሳፍንት ቢሮ ገብቷል። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከከተማው ዳር ተኩስ ተሰምቶ ባጃጁ ሁሉ ከመንገድ ጠፍቶ ነበር፤ ዛሬ ሱቆቹ እንደወትሮው ተከፍተዋል። ደብረ ማርቆስ እንዲህ ሆናለች፤ አንድ ቀን ትደነግጣለች፣ በማግስቱ ትገበያያለች። የኔአለም ግን እንዲህ ባለው ማግስት ሁሉ ቦርሳውን ከአልጋው ስር ጎትታ ታየዋለች። በላስቲክ የታሰረ በሶ፣ የእጅ ባትሪ፣ የልጅቱ የልደት ካርድ፣ የመሳፍንት ዲግሪ፣ የራስ ምታት ክኒን።

«አንች ልጅ፣ ዛሬም ልትሄጅ ነው?»

የመሳፍንት እናት እማሆይ ወለተ ሰንበት መቃኑን ተደግፈው ቆመዋል። ከመርጡለ ማርያም አጠገብ ያለውን ቤታቸውን ዘግተው አምና እነሱ ዘንድ ከመጡ ወዲህ ይህን ቦርሳ ባዩት ቁጥር ያሾፋሉ።

«አይ እማሆይ፣ የሶልያናን ልብስ እየቀየርኩ ነው።»

«እኛ በልጅነታችን ስንሸሽ ቋጠሮ እንኳ አልነበረንም። በግ ነድተን መሄድ ነው፤ በጉ በእግሩ የሚሄድ ስንቅ!» ይስቃሉ። «ዘንድሮ ደግሞ ሰው ቤቱን ሸክፎ ይተኛል። የሚኒስትር ሚስት መሰልሽ እኮ።»

ከዚያ ግን አይሄዱም። ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ከነጠላቸው ስር ፌስታል ያወጣሉ።

«ሳስበው ግን ልክ ነሽ» ይላሉ። «የትናንቱ ቀረብ ብሎ ነበር። ይችንም አብረሽ ክተችልኝ።»

በፌስታሉ ውስጥ የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አለ። የኔአለም ሳትነካው ታውቀዋለች። መግነዛቸው ነው፤ ሲመነኩሱ ገዝተው፣ በጸበል አጥበው፣ ለቀብራቸው ያኖሩት። ከአገራቸው ሲመጡ ላሚቱን ለጎረቤት ትተው እሱን ግን በብብታቸው ይዘው ነበር የመጡት።

«ምን ያደርግልናል ይኸ፣ እማሆይ?»

«መንገድ ላይ ብሞትባችሁ በሰው አገር ጨርቅ ፍለጋ እንዳትንከራተቱ። ቦታ አትይዝም፤ ከታች አድርጊያት።»

የኔአለም ሞልቷል ልትል አፏን ትከፍታለች።

«ጉልበቴ እንደሆነ አያሳስብሽ» ይላሉ እማሆይ ቀድመው። «እምቢ ካለኝ መሳፍንት ያዝለኛል። እሱ እንኳ እግሩ ሳያመው፣ በስንፍናው ብቻ፣ ትልቅ ልጅ እስኪሆን አዝየው ነበር ቤተ ክርስቲያን የምወስደው። ዲያቆናቱ ‹ይህን ጎረምሳ ልታስቆርቢው ነው ወይስ ልትድሪው?› እያሉ ሲስቁብኝ።»

የኔአለም ፊቷን ወደ ቦርሳው ትመልሳለች። ቦርሳውን መጀመሪያ ያዘጋጁ ቀን መሳፍንት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እማዬ መሮጥ አትችልም። ደግሞ አሮጊት መነኩሴ ማን ይነካል? ቤት ትጠብቅ» ብሏት ነበር። ከዚያ ዓይን ዓይኗን አየ፤ እንድትቆጣው የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እሷ ልብስ እያጠፈች ነበር። ማጠፏን ቀጠለች። ያንን ቃል እሱ ቀድሞ እንዲያወጣው ስትጠብቅ እንደሰነበተች ግን እሱም አያውቅም።

«እሺ፣ እማሆይ» ትላለች አሁን።

ቦታ ለማስለቀቅ የራሷን ቀሚስ ትመዛለች።

«የአንችንስ ተይው! አንች ቆመሽ ትለብሽዋለሽ።»

እማሆይ ራሳቸው በሶውን ገፋ፣ የመሳፍንትን ጃኬት ጠቅለል አድርገው እጃቸውን ወደ ውስጥ ይሰዳሉ። የኔአለም እጃቸውን በዓይኗ ትከተላለች። እነዚያ የደረቁ ጣቶች የአባትን፣ የእናትን፣ የልጅን ልብስ እየዳሰሱ ይወርዳሉ። ጋቢያቸውን የሚፈልጉ ይመስላታል። አሁን ይጠይቁኛል ትላለች በልቧ። እማሆይ ግን ጨርቁን ከታች ያስተኙና በመዳፋቸው ያስተካክሉታል።

«ለመሳፍንት እንዳትነግሪው። ሞት ሳነሳበት ይከፋዋል።»

«አልነግረውም።»

«እንግዲህ ስንሄድ ይህን እኔ እይዛለሁ፣ አንች ልጅቱን።» ይነሱና ቦርሳውን በአንድ እጃቸው ይሞክሩታል። ንቅንቅ አይልም። «ኧረ በስመ አብ! ወፍጮ ነው እንዴ የከተትሽበት?» በባዶ እግራቸው ሳቃቸውን ይዘው ፀሐይ ሊሞቁ ወደ ግቢው ይወጣሉ።

የኔአለም ቦርሳው ፊት እንደተንበረከከች ትቀራለች። ለሞታቸው ቦታ ተገኝቷል። ለጉዟቸው የገባ አንድ ካልሲ የለም።

ማልደው ቤተ ክርስቲያን የሄዱበት ኮንጎ ጫማቸው በሩ ስር ከነጭቃው አለ። ታነሳዋለች። በእርጥብ ጨርቅ ሶሉን ታብሳለች፣ ጎን ጎኑን፣ ዘለበቱ የሚያልፍበትን ቀዳዳ ሳይቀር። እማሆይ እንዲጫሙት ይሁን እንዲያዩት ብቻ፣ ራሷም አታውቀውም። ከውጭ ከጎረቤት ጋር ሲጨዋወቱ ድምፃቸው ይሰማታል፤ ስለ ልጃቸው ነው የሚያወሩት።

ዚፑን ትዘጋለች። ቦርሳውን ወደ አልጋው ስር መልሳ፣ ጫማውን ጥንድ አድርጋ፣ አፍንጫውን ወደ በሩ አዙራ፣ ከጎኑ ታስቀምጠዋለች።