እግረ ቀጭኑ ክሪክ

ወረታ ላይ ክሪክ ስንመርጥ እኔ እግረ ሰፊውን አነሳሁ። «የፎገራ ዋልካ ጭቃ እግረ ቀጭኑን ይውጠዋል» አልኩት የኔነህን። ሳቀብኝ። የሚስቴ ወንድም ነው፤ ስንት ዓመት አብረን ነድተናል። «እኔ እያለሁልህ ክሪክ ምን ያስፈራሃል?» ብሎ ቀጭኑን አስገዛኝ። አመንኩት።

ቁሐር ሚካኤል ስንደርስ ላንድክሩዘራችን ሩዝ ማሳ ዳር ሰጠመ። በክሪኩ አነሳነውና ከሥር ገብቼ ጭቃውን በእጄ እዝቅ ጀመር። በእኛ ሥራ አንዱ ከመኪና ሥር ሲገባ ውጭ የቀረው ክሪኩን እየጠበቀ «አለሁ» ይላል። ዝም ካለ ተንፏቆ መውጣት ነው።

«የኔነህ?»

«አለሁ።»

«መደገፊያውን ግንድ አስገባህልኝ?»

«አለሁ።»

ወዲያው ክሪኩ አጠገቤ ቀስ ብሎ ተንጋደደና ጭቃው ውስጥ ተጋደመ። ዓይኔን ጨፈንኩ። መኪናው ግን ክሪክም ግንድም ሳይዘው አልወረደም።

ዓይኔን ስገልጥ በጎማዎቹ መሃል የኔነህን አየሁት። ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ማሳ ለማሳ ወደ አስፋልቱ ይሮጣል። በጣም ርቋል። ክሪኩ መስመጥ ሲጀምር አይቶ ነው ጥሎኝ የሄደው። ጫማውን ለማውለቅ ጊዜ ነበረው፤ «ውጣ» ለማለት ግን አልነበረውም።

«አንተ ከሃዲ!» ብዬ ጮኽሁ። «የኔነህ!»

እሱ ዞር እንኳ አላለም። ድምፁ ግን ከጀርባዬ ሥር፣ ከተኛሁበት ጭቃ ውስጥ መለሰልኝ።

«አለሁ።»