ከሰማይ የታየ ለቅሶ

ወታደሩ ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሏል። ድሮኑ ከአንዲት ተራራማ መንደር በላይ ያንዣብባል፤ ከሰማይ ሲታይ መንደር ሁሉ አንድ ይመስላል። ሜዳው ላይ ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ክብ ሠርተው ወደ ላይ ይተኩሳሉ። ማሽኑ እያንዳንዳቸውን በቀይ ከበበና "ታጣቂ ኃይል" ብሎ ጻፈ። የቀረው የወታደሩ ይሁንታ ብቻ ነበር።

"ጌታዬ፣ ለቅሶ ይመስለኛል። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ይተኮሳል።"

ሻለቃው ከጀርባው ሳቀ። "አንተ ደግሞ! ማሽኑ እኮ ስንትና ስንት ውጊያ አይቶ ነው የተማረው።"

"ለቅሶስ አይቶ ያውቃል?"

"እኔ እንጃ። ይልቅ ሳይበተኑብህ ቁልፉን ተጫን!"

ተጫነ።

ጭሱ ሲገፈፍ ድሮኑ ዝቅ አለ። ከወደቁት ሰዎች መካከል አንዲት በቅሎ ብቻዋን ቆማለች። እንደ ወጉ የሟች ጠመንጃና ልብስ ተጭኖባታል። ወታደሩ ምስሉን አቀረበው። ልብሱ በመጀመሪያ ደመወዙ ገዝቶ ለአባቱ የላከው፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ የሳቀበት ብርቱካናማ ካፖርት ነበር።

"ጎበዝ!" አለ ሻለቃው፣ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ።

ወታደሩ ዓይኑን ከካፖርቱ አልነቀለም። ከቤት ማንም አልደወለለትም ነበር፤ እነሱ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም።