በጫማ የመጣ እግር

«ይውለቅ!» ይላሉ ገበዙ አባ አስማረ፣ በቅኔ ማኅሌቱ በር ላይ መቋሚያቸውን አግድመው። «ጫማ ይህን ደፍ ተሻግሮ አያውቅም። በእኔም ዘመን አይሻገርም።»

«አይወልቅም እኮ ነው የምልዎት፣ አባ» ትላለች የጤና ረዳቷ ካሣነሽ። «ከእግሩ ጋር በብሎን የታሰረ ነው። አብሮ ነው የመጣው።»

መሪጌታ ወልደ ገብርኤል በመካከላቸው ቆመዋል። ካሣነሽ አሁንም ማመን አልቻለችም፤ ቆመዋል። ከአርብ ገበያ ክሊኒክ እስከዚህ ደብር ያለውን ዳገት ያለ ምርኩዝ፣ ጥቂት እያነከሱ ሲወጡ ከኋላ ከኋላ ስትከተላቸው ነበር። ቀኝ እግራቸው እንደ ልማዳቸው ባዶ ነው። ግራው ከጉልበት በታች እንጨትና ጠፍር ሆኖ፣ ጫፉ ላይ የተወለወለ ጥቁር ጫማ አለ።

በቅሏቸው ገደል ይዛቸው ገብታ ግራ እግራቸው ከተቆረጠ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዋዜማውን ከግቢው ወይራ ሥር ተቀምጠው ሰሙ። በሁለት ምርኩዝ የቆመ ሰው ጸናጽል በየትኛው እጁ ይይዛል? ያስተማሯቸው ልጆች ውስጥ ሲያሸበሽቡ እሳቸው ውጭ ሆነው በጣታቸው ጉልበታቸውን ይመቱ ነበር። ዛሬ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነው፤ የማኅሌቱን ግራ ወገን እሳቸው እንዲመሩ ተነግሯል።

«ለመሆኑ የላከው ማን ነው?» ይጠይቃሉ ገበዙ።

«ማኅበር ነው፣ አባ። ሆላንድ የሚባል አገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ያለ ማኅበር።»

«የማን ማኅበር? የጊዮርጊስ? የማርያም?»

«የማንም አይደለም። ዳቦ ጋጋሪ አለበት፣ አስተማሪ አለበት፣ አናጢ አለበት። ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባሉ። የሰፈራቸውን አረጋውያን ጣሪያ ይጠግናሉ፤ ደግሞ በሩቅ አገር ላለ፣ ለማያውቁት ሰው ምን እናድርግ ብለው ይመክራሉ። ደብዳቤያቸው እንዲህ ይላል።»

«እንደኛ ገበሬ ማኅበር ነው በይኛ» ይላል ቢሻው። የመሪጌታ ተማሪ የነበረ ብራና ጸሐፊ ነው፤ ሊደግፋቸው ከጎናቸው ቆሟል።

ካሣነሽ ወደ ግቢው በር ዞር ብላ አየት ታደርግና ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች። «እነዚህስ ወደው ነው የሚሰበሰቡት።»

ቢሻው በነጠላው አፉን ይሸፍናል። ገበዙ አይስቁም። «ጽዋ የሌለው ማኅበር» ይላሉ ለራሳቸው። መቋሚያው ግን ከበሩ አልተነሣም።

ቢሻው ከወገቡ የብዕር መቅረጫ ካራውን ያወጣል። «የኔታ፣ ይፍቀዱልኝ። ብሎኑን በዚህ ጫፍ እፈታዋለሁ።»

«ተው!» ካሣነሽ እጁን ትይዛለች። «ከጫማው ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ጉቶ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከወለቀ መቆሚያ ላይኖረው ነው። የኔታ፣ ሌላ የለም። የእርስዎን እግር በክር ለክቼ፣ ክሩን በፖስታ ከላክሁ ዓመት ሆነኝ።»

«ነጭ የፈረንጅ እግር ከወጣስ?» ይላል ቢሻው። «ክርስትና ልናነሣው ነው?»

«የክርስትና አባቱ አንተ ትሆናለህ» ይላሉ መሪጌታ።

ከውስጥ ከበሮው አንድ ጊዜ ይመታል። መሪጌታ ወደ ድምፁ ይዞራሉ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ይቀመጡና የእንጨቱን እግር ወደ ቢሻው ይዘረጋሉ።

«ፍታው። ከበር የምመለስበት እግር ከሆነ ለምኔ ነው?»

የመጀመሪያው ብሎን ሲጢጥ ይልና ይወጣል። ሁለተኛው ይዘገያል። ካሣነሽ ማየት አቅቷት ፊቷን ታዞራለች። ጫማው ሲሳብ የቆዳው ድምፅ ይሰማታል። ትዞራለች።

እግር ነው። አምስት ጣት አለው። እያንዳንዱ ጣት ጥፍር፣ እያንዳንዱ ጥፍር ዙሪያውን ቀጭን ጠርዝ ወጥቶለታል። ትንሿ ጣት ብዙ መንገድ እንደሄደ ሰው ጣት ወደ ውስጥ እጥፍ ብላለች። ከቁርጭምጭሚቱ በታች አንድ የደም ሥር ተስሏል። እንጨቱም ነጭ አይደለም፤ የተመረጠ ጠይም ነው።

«ጫማ ሊያለብሰው ነው እኮ አናጢው የሠራው» ይላል ቢሻው፣ ካራውን እንደያዘ። «በብሎን ሊያስረው። ይህን ማን ያይልኛል ብሎ ነው?»

አባ አስማረ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ ያያሉ። መሪጌታ ጣቶቹን በአመልካች ጣታቸው አንድ በአንድ ይዳስሳሉ፤ ትንሿ ላይ ሲደርሱ ይቆያሉ።

«አንሡኝ» ይላሉ።

ቢሻውና ካሣነሽ ይደግፏቸዋል። ከዚያ ይለቋቸዋል። ዳገቱን ሁሉ ሲያነክሱ የመጡት በጫማው ተረከዝ ምክንያት ኖሯል፤ አሁን ሁለቱ እግሮች እኩል ሆነዋል። በክሩ ልክ።

ገበዙ መቋሚያውን ያነሣሉ፤ ራሳቸውም ከበሩ ገለል ይላሉ።

መሪጌታ ደፉን ተሻግረው ይገባሉ። ግራው ወገን ሳይነገረው ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ይለቃል። ካሣነሽ ከደፉ ውጭ ቆማ ታያለች። ዋዜማው ይነሣል፤ ሁለቱ ረድፎች ፊት ለፊት፣ እንደ ገብስ ማሳ በነፋስ፣ ወደ አንድ ወገን ዘንበል ይላሉ፤ ይመለሳሉ። ብርሃኑ ትንሽ ነው። ፊቶቹን ትታ በሰሌኑ ላይ የተደረደሩትን ባዶ እግሮች ትከተላለች፤ አቧራ የቃመ፣ የተሰነጠቀ፣ ጠይም፣ ጥቁር፣ ጠይም። ረድፉ ሌላ ጊዜ ዘንበል ይላል። እንደገና ከዳር ትጀምራለች። ባሕር ተሻግሮ የመጣው የትኛው እንደሆነ መለየት አቅቷታል።