የመኪናው መስኮት

አቶ መንበሩ ሹፌሩን በቀጠሩት ሳምንት፣ "ስማ፣ አፍህ ይሸታል። እኔ ካለሁ መስኮትህን ክፈት" አሉት። ሚስትየዋ ከኋላ ተቀምጣ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ ዝናቡ ግራ ትከሻውን እያበሰበሰው ነዳ።

አምና የአቶ መንበሩ አፍ መሽተት ሲጀምር ከማንም ቀድሞ የሸተተው ሹፌሩን ነው። ሚስትየዋ ሐኪም ይይህ ብትላቸው ተኳረፉ። አንድ ቀን መኪና ውስጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እስቲ እውነቱን ንገረኝ፤ እሸታለሁ እንዴ?" አሉት።

ሹፌሩ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

"ኧረ ጋሼ፣ ምንም የለም። እትዬ ሰበብ ፈልገው ነው።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ መስኮቱን ዘግቶ ይነዳ ጀመር።

ዘንድሮ አቶ መንበሩ ደም ሲተፉ ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሐኪሟ ምላሳቸው ሥር ካንሰር አገኘች።

"አፋችን ውስጥ ደጎችም ክፉዎችም ተህዋስያን ይኖራሉ" አለቻቸው። "ክፉዎቹ ሲበረቱ ዕጢው ላይ ሰፍረው እንዲያድግ ያግዙታል። ሽታው ከነሱ ነው የመጣው። ሽታው እንደጀመረ ቢመጡ ኖሮ ይድኑ ነበር። ማንም አልነገረዎትም?"

"ሚስቴማ ነግራኝ ነበር" አሉ አቶ መንበሩ በሰለለ ድምፅ። የሹፌሩን እጅ ጭብጥ አድርገው ያዙ። "ግን ይሄ ልጅ መስኮት ዘግቶ አብሮኝ ይውላል። እሱን አመንኩ።"

ሲመለሱ ዶፍ ይወርድ ነበር። ሹፌሩ መስኮቱን እስከ ታች ድረስ ከፈተው።