አራቱ ነጥቦች

ሰዓት ልትጽፍ የሁለት ነጥቧን ቁልፍ ስትመታ ጣቷ አምልጧት ደገመችው። ስክሪኑ ላይ አራት ነጥብ ቁጭ አለ።

አላመነችም። አጥፍታ እንደገና ሞከረች። ሺፍትን ይዞ ሁለቴ መምታት፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ። ለመሥሪያ ቤቷ የጀመረችው የፈቃድ ማመልከቻ በነጥብ ተሞላ።

አባቷ ከመስኮቱ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበሩ። የብረት ፊደሎችን አንድ በአንድ እየለቀሙ የሰው መጽሐፍ ሲደረድሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የራሳቸውን በሦስት ደብተር ጻፉ። "ተይቢልኝና ታትሞ በዓይኔ ልየው" ብለው ያስረከቧት የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።

ጀምራው ነበር። ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ አራት ነጥቡ ጠፋባት። ላፕቶፗ ትንሽ ናት፤ ትልቅ ኮምፒውተር ካሉት ቁልፎች ብዙዎቹ የሏትም፣ ያሉትም ሁለት ሁለት ሥራ ተሸክመዋል። በአንድ ነጥብ ብትዘጋው ደግሞ አባቷ አንዱንም ገጽ እንደማያሳልፉላት ታውቃለች። "አባዬ፣ ይቺ ላፕቶፕ አራት ነጥብ የላትም" አለቻቸው። አመኗት።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰበቡ ተመችቷት ነበር። ሲጠይቋት ጆሮ ዳባ ልበስ እያለች፣ ዛሬ ነገ ስትል፣ የዓይን ግፊት ቀደማት። ካለፈው ዓመት ወዲህ አባቷ የሚለዩት ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው።

"ምነው ዝም አልሽ?" አሉ ከመስኮቱ ሥር።

"አራት ነጥብ አገኘሁ፣ አባዬ።"

"እልል በይ! አዲስ ገዛሽ እንዴ?" ከወንበራቸው ብድግ ሊሉ ምንም አልቀራቸው።

አዎ ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቃሉ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።

"አልገዛሁም። ያቺው ናት። ድሮም ነበራት፤ እኔ ነኝ ደህና አድርጌ ያልፈለግሁት።"

አባቷ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አሻሹ።

"ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ ላፕቶፕ ሠሪዎቹን ስረግም የኖርኩት በከንቱ ነዋ!" አሉና ሳቅ አሉ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። "በይ፣ ደብተሩን አምጪ።"

ጠረጴዛውን አስጠጋችላቸው። ላፕቶፗን ፊታቸው አድርጋ የቀኝ ሌባ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አኖረችው። "ሺፍቱን እኔ እይዛለሁ። ስልዎት ሁለቴ ይምቱ።" ከደብተሩ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ጻፈች። የእጅ ጽሑፋቸው ማተሚያ ቤት የወጣ ይመስላል፤ አራት ነጥቦቹ እንኳ አንዱ ካንዱ አይበልጥም።

"አሁን፣ አባዬ።"

መቱ፤ ደገሙ።

"ወጣ?"

"ወጣ።"

እሳቸው ግን የገዛ እጃቸውን ሥራ በሰው ቃል አምነው አያውቁም። ማተሚያ ቤት ሳሉ አንድ መስመር ደርድረው ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ጫፍ ይዳስሱት ነበር። የተጣመመ ፊደል ካለ ጣታቸው ይነግራቸዋል። በልጅነቷ ምሳ ይዛላቸው ስትሄድ አጠገባቸው ቆማ አይታለች።

አሁንም እጃቸውን አነሡ። ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው፣ ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥተው በቀስታ ዳሰሱት። መስታወቱ ልሙጥ ነው። ጣታቸው አራቱን ነጥቦች ሳያውቃቸው አልፎ ሄደ፤ እጃቸውን ይዛ ወደ ነጥቦቹ መለሰችው።