ሁለተኛው በር

«ጫማህን አውልቅ» አለ ካኪ የለበሰው ሰውዬ። አማን ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ፈታና አዲሶቹን ጥቁር ጫማዎች ለአባቱ አቀበላቸው።

ሱሩር ጫማዎቹን ይዞ አጥሩን ተደግፎ ቆመ። ለቦታው እንግዳ አይደለም። አዋሽ ከተማ ዳር፣ ሐዲዱ አጠገብ ያለው ይህ የከብት ማቆያ፣ ጎልማሳነቱን ሙሉ ሰንጋ ሲያሻሽጥ የኖረበት ነው። ዛሬ ግን በረቱ ውስጥ የተሰለፉት የከተማው ጎረምሶች ናቸው። ቀበሌው ለእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚመለመሉ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶች እዚህ ይቅረቡ እያለ በድምፅ ማጉያ ሲለፍፍ ሰንብቷል።

አማን ይህን የሰማ ቀን እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ከአምና ጀምሮ ከብት የሚከትበውን ባፈናን በየመንገዱ እያስቆመ መውጫ መግቢያ አሳጥቶት ነበርና ነገሩን ሁሉ በቃሉ ይዞታል። ለረዳትነት የሚሰጥ አጭር ኮርስ አለ፤ ሐኪም የሚያደርገው ግን ረጅሙ ነው። መጀመሪያ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው፤ ከዚያ የከብት ሬሳ ከፍቶ ብልት መለየት ይመጣል፤ ቀዶ ጥገና ወደ መጨረሻው ነው። የሚገባውም በማትሪክ ውጤት ነው። አማን ረጅሙን መርጧል።

ያስቸገረው ሱሩር ነበር። ላም ለማከም ይህን ያህል ዓመት መማር ምን ይሉታል፣ እኔ የታመመ ከብት በዓይኔ አይቼ አውቅ የለም እንዴ፣ ይልቅ ና ከእኔ ጋር ሥራ እያለ ሲሟገተው ከርሞ፣ ትናንት ሚስቱ ሐቢባ ስታለቅስበት ነው እሺ ያለው። ጫማውንም የገዛው ያኔውኑ ነው፤ እሺ ካለ አይቀር አንጀቱ ራርቶ።

ሰውዬው የአማንን ውስጥ እግር በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ቁጢጥ በል፣ ተነሥ፣ እስከ አጥሩ ሩጥና ተመለስ አለው። ልጁ ሮጦ ሲመለስ ትንፋሹን አዳመጠ፤ አፉንም አስከፍቶ ጥርሱን አየ።

አማን የማትሪክ ውጤቱን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል፣ ይቆይህ ተባለ። ምልመላው ለአጭሩ ነው ወይስ ለረጅሙ ብሎ ጠየቀ። ስትደርሱ ይነገራችኋል አለው ሰውዬው። የመጀመሪያው ዓመት ባዮሎጂ አለው አይደል? አለ አማን።

«ሁሉም አለው» አለ ሰውዬው። ዓይኑ ግን የቀጣዩ ልጅ እግር ላይ ነበር።

ሱሩር ከተደገፈበት አጥር ተላቀቀ። ይህን ምርመራ ያውቀዋል፤ በእጁ ሲያደርገው የኖረ ነገር ነው። ለወተት የሚገዛ ጡት ያያል፣ ለእርድ የሚገዛ ሻኛና ታፋ ይጨብጣል። ሰኮና ገልብጦ የሚያይ፣ ከብቱን ሩቅ አገር በእግሩ ሊነዳ ያሰበ ብቻ ነው። ቁጭ ብሎ ለሚማር ልጅ ውስጥ እግሩ ምኑ ነው?

ባለፈው ወር ከሰርዶ የመጣ ሾፌር፣ እዚያ ለመካኒክነት ትምህርት ተብለው የተሰበሰቡ ልጆች ሰሜን ጦር ግንባር እንደተላኩ አውርቶለት ነበር። ሱሩር የሾፌር ወሬ ነው ብሎ አልፎታል። አሁን ቀና ብሎ ሁለተኛውን በር አየ። ማቆያው ሁለት በር አለው፤ ከብት በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ወደ ባቡሩ ይወጣል። በዚያ በኩል ወጥቶ የተመለሰ አይቶ አያውቅም። ከበሩ ማዶ ፉርጎዎቹ ተከፍተው ይጠብቃሉ፤ ጥላቸው ውስጥ ጠመንጃ የያዙ ወታደሮች ተቀምጠዋል።

ሱሩር የከብት ጉድለት በመሸፈን የሚታወቅ ደላላ ነው፤ የሚያነክሰውን መንገድ ደክሞት ነው፣ የሚያስለውን አቧራ ነው ይላል። ጉድለት በሌለበት ላይ ጉድለት አውጥቶ ግን አያውቅም።

ወደ ሰውዬው ቀረበ። «ጓድ፣ ይህ ልጅ አይሆናችሁም። የሚጥል በሽታ አለበት። ወላሂ...» አለ፤ በአላህ ስም በሐሰት ሊምል መሆኑ ሲገባው መሐላውን ሳይጨርስ ተወው።

ሰውዬው ለመጀመሪያ ጊዜ አማንን ፊቱን አየው። «እውነት ነው?»

ሱሩር ልጁን በዓይኑ ለመነው። ገበያ ውስጥ ቢሆን ይህች ጥቅሻ ትበቃ ነበር።

አማን ዓይኑን ከአባቱ ነቅሎ ሰውዬውን አየ። «ሐሰት ነው፤ አንድም ቀን ወድቄ አላውቅም። አባቴ እንድማር ስላልፈለገ ነው።» ከዚያ ወደ አባቱ ዞሮ ቀስ ብሎ፣ «ምነው አባባ፣ ትናንት እሺ ብለኸኝ የለም?» አለው።

ሰውዬው ሳቅ አለ። የአማንን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ሁለተኛውን በር አሳየው። አማን በጋለው ጠጠር ላይ ጣቶቹን እያጠፈ፣ አንዴም ዞር ብሎ ሳያይ ሄደ።

«ጫማውን...» አለ ሱሩር ጫማዎቹን ወደ ሰውዬው ዘርግቶ። «ጫማውን ረሳ።»

«ይያዙት፣ አባት። እዚያ ሌላ ይሰጠዋል።»

የሚቀጥለው ልጅ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ።